ጺም ያላት ምራቴ

ባለፈው እሑድ ሳሎኔ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ኮምፒውተር የምትማረው ልጄ ትዕግሥት፣ ጎረቤቴ እትዬ ወይንሸት፣ እንዲሁም በዕድሜ ሦስታችንንም የሚበልጥ የሚመስለው ላፕቶፕ ነን። ስም የምቆጥረው በኋላ ‹‹አልነበርኩም›› የሚል እንዳይኖር ነው! እና ልንገራችሁ... ፈጣን ነገር ሁሉ ውሸታም ነው።

ጎረቤላ ከተማ የሚሠራው ልጄ ደሳለኝ የሚያገባትን ልጅ በቪዲዮ ሊያሳየኝ ቀጥሮኛል። ስንት ዓመት የጠበቅኳት ምራቴ! በፊቷ እንዳላፍር ነጠላዬን ሦስቴ ቀየርኩ። ላፕቶፑ ግን ምስል ሲያወጣ ይንቀራፈፋል።

‹‹አታስቢ እማዬ፤ ድራይቨሩን እንዲፈጥን አድርጌዋለሁ›› አለች ትዕግሥት።

‹‹ሹፌር አለው እንዴ?›› እኔ እኮ ከጫጫ ደብረ ብርሃን እስክገባ ‹‹ቀስ በል ልጄ›› ስል ድምፄ የሚዘጋ ሴት ነኝ!

‹‹ምስሉን ለስክሪኑ የሚያቀርበው ፕሮግራም ነው። በፊት የድሮውን ምስል አጥፍቶ፣ አዲሱን ጨርሶ ነበር የሚያሳየው። አሁን ሳያጠፋ በላዩ ይስላል፤ ሳይጨርስም ያሳያል።››

‹‹ሥጋ የተበላበትን ሳህን ሳያጥብ ለጿሚ ሽሮ ያቀርባል በይኛ!››

‹‹ኧረ ማንም አያስተውለውም!››

ተደወለ። መጀመሪያ ደሳለኝ ከነጺሙ ታየ። ‹‹ይኸው ሰብለ!›› ብሎ ተነሣና እሷ በቦታው ተቀመጠች... ወይ ጉዴ! ከላይ የሚያምር ዓይንና ሹሩባ፣ ከታች የተጠለፈ ቀሚስ፣ መሐል ላይ ድፍን ያለ ጥቁር ጺም!

‹‹እንደምን ዋሉ እማማ?›› አለ ጺሙ፣ በቀጭን ድምፅ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ወደ እትዬ ወይንሸት ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ ‹‹ጺሟ ከልጄ ጺም አያንስም!›› አልኩ።

‹‹ዝም በይ፣ ዋናው ጠባይ ነው!›› አሉ በሹክሹክታ... የእሳቸው ሹክሹክታ ደግሞ ጣርማ በር ድረስ ይሰማል!

‹‹እማ! እየሰማች እኮ ነው!›› ብሎ ደሳለኝ ጮኸ።

የቀረው ምስል የደረሰው ይኼኔ ነው። ጺሙ ጠፋና የልጅቷ እውነተኛ አገጭ ብቅ አለ... ልስልስ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ። ከሳቅ ይሁን ከልቅሶ ሳልለይ ጥሪው ተዘጋና ስክሪኑ ጠቆረ።

ትዕግሥት ላፕቶፑን ወደ ቀርፋፋነቱ መልሳዋለች። አሁን እያንዳንዱን ምስል አጥቦ ያቀርባል፤ የሚቀርብ ሰው ግን የለም። ደሳለኝም ስልክ አያነሣም።

ጎረቤላ ያላችሁ፣ ሰብለን ያያችሁ... ስቃ ነበር ወይስ አልቅሳ? እባካችሁ ወሬዋን ላኩልኝ።