ማነው የበላው?

[ሞልዶቫ፣ አንድ መንደር። የየፊም ግቢ፣ የወይን ጠጅ ምድር ቤቱ መስኮት አጠገብ። የፊም በሩሲያኛ አፉን የፈታ ነው፤ ጎረቤቱ ቱዶሴ በሮማኒያኛ። የፊም እኩሌታው የተበላ ጥቅል ጎመን ይዞ አፍጥጧል።]

የፊም፦ ማነው የበላው? ማነው ነው የምልህ!

ቱዶሴ፦ ሌባ ልትለኝ ነው? እኔን ጎመን ይነፋኛል፤ ሚስቴ ሳቬታ ትጠየፈዋለች፤ አማቴ ደግሞ ጥርስ የላትም!

የፊም፦ አንተን ማን አለህ? ፍየልህን ነው!

ቱዶሴ፦ ታዲያ «ምን በላው» አትልም? እኔማ አማቴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

የፊም፦ [ደረቱን ነፍቶ] አይ መሃይም! በእኛ ቋንቋ የሚተነፍስ ሁሉ «ማን» ነው። ፍየልም፣ ቁንጫም።

ቱዶሴ፦ ቁንጫም? በእኛ «ማን» የሚባለው ክርስትና የተነሳ ብቻ ነው። ዓሣስ?

የፊም፦ ወንዝ ውስጥ «ማን»፤ ሳህን ላይ «ምን»።

ቱዶሴ፦ መጥበሻው ላይ ሲንፈራገጥስ?

የፊም፦ እ... እሱን ለዓሣው ተውለት!

ቱዶሴ፦ ቄሳችን ሰክረው ቦይ ውስጥ ሲተኙስ?

የፊም፦ እስከተነፈሱ ድረስ «ማን» ናቸው! ገባህ? በል እስቲ በሥርዓቱ ጠይቀኝ።

ቱዶሴ፦ [አጎንብሶ በምድር ቤቱ መስኮት እያየ] እሺ። ምድር ቤትህ ውስጥ ያለው ማነው?

የፊም፦ ጎበዝ! ሰው ወጣህ። አይጥ ናት።

ቱዶሴ፦ ለልጅህ ሠርግ ካስቀመጥከው በርሜል እየጠጣ ነው እኮ።

የፊም፦ ትጠጣ! አይጥ ስንት ትጠጣለች?

ቱዶሴ፦ ሌላም መጣ።

የፊም፦ ባሏ ነዋ።

ቱዶሴ፦ ተቃቀፉ።

የፊም፦ [እየሳቀ] ካንተና ከሳቬታ ይሻላሉ!

ቱዶሴ፦ አንደኛው ጫማውን አወለቀ።

የፊም፦ ይመቸው! አይጥም እኮ... [ሳቁ ይቆማል] ጫማ?

[ከምድር ቤቱ የሁለት ጎረምሶች ዘፈን ይሰማል።]

የፊም፦ አይጥ ነው ስትለኝ አልነበር?

ቱዶሴ፦ አይጥ ያልከው አንተ። እኔ «ማን» ነው ያልኩህ፤ እንዳስተማርከኝ።

የፊም፦ [ሮጦ የምድር ቤቱን በር ይገፋል፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል] ወይኔ፣ ሠርጉ እኮ ነገ ነው! ቱዶሴ፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ እይልኝ! ምን ተረፈ?

ቱዶሴ፦ [እንደገና አጎንብሶ አይቶ፣ ጉልበቱን እያራገፈ] «ምን» ካልከኝ፣ ምንም። «ማን» ካልከኝ ግን የሚስትህ ወንድሞች፣ ሁለቱም በሙሉ ጤንነት።