ሰው የማይሄድበት መንገድ

አንዳንዱን ነገር ባዛባ ከወዲሁ ይቅርታ። ኋላ የማነሣው ገበሬ፣ የአራጌ ቤት ከመንገዱ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ አሁን ሳስበው ይምታታብኛል። የተነገረውን ግን አልረሳሁም። በእኛ አገር ለሽማግሌ ብዙ ነገር ይፈቀድለታል፤ ይቆጣል፣ ይመርቃል፣ በሰው ጉዳይ ይገባል። የማይፈቀድለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለ ጉዳይ መሄድ።

ይህን ያወቅሁት ሐኪሙ ለደም ግፊቴ "አባቴ፣ ጠዋት ጠዋት ጸጥ ባለ ቦታ በእግርዎ ይሂዱ" ካለኝ ወዲህ ነው። ጸጥ ያለ ቦታ! የቆቦ ሰው እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። በአስፋልቱ ዳር ብሄድ ባጃጁ ሁሉ እየቆመ "ይግቡ አባቴ" ይለኛል። የትም አልሄድም ስለው አንዱ አዘነልኝ፤ ቤቱ የጠፋበት ሽማግሌ መስዬው ኖሮ ሰፈሬን ሰው ጠይቆ በሬ ላይ አወረደኝ፣ ሒሳብም አልቀበልም አለ። በነጋታው ወደ ሮቢት በሚወስደው የእርሻ መንገድ ወጣሁ። ጋቢ ለብሶ፣ ምርኩዝ ይዞ በጠዋት የሚቸኩል ሽማግሌ ወዴት ይሄዳል? ለቅሶ ነዋ! አንዲት ሴት "ማን ሞተ?" አለችኝ። ማንም አልሞተም ብላት መርዶ የደበቅኋት መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለችኝ። እሷን ያየች ሌላዋም ተከተለች። ስቆም ይቆማሉ፣ ስሄድ ይሄዳሉ። ይሄ ነው የደም ግፊት መድኃኒት?

በመጨረሻ ግን አገኘሁ። ከከተማው በስተምዕራብ፣ ከተራራው ሥር፣ በሁለት የማሽላ ማሳ መካከል የሚያልፍ ቀጭን መንገድ። ከወፍ በቀር ድምፅ የለም። እኔ ወንበር ላይ ስቀመጥ እንኳ እግሩን ነቅነቅ አድርጌ የምፈትሽ ጥንቁቅ ሰው ነኝ፤ ይህን የመሰለ መንገድ ሰው ለምን ተወው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ደስ ብሎኝ ነው መሰል፣ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ለካ ማሳዎቹ የሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ አራጌ ታላቅ፣ ወዳጆ ታናሽ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ አብረው ቦይ ቆፍረው ወደ ማሳቸው ይጠልፉ ነበር። ባለፈው ዓመት ውኃው ወደ አንዱ አደላ ተባለና ተኮራረፉ። ጎረቤቱም ወገን የያዘ እንዳይመስል በመካከላቸው ማለፉን ተወው። ያ ሁሉ ጸጥታ ኩርፊያ ነበር! ክረምቱ ደግሞ እየቀረበ ነው፤ ቦዩ በደለል ተደፍኗል፤ ብቻውን የሚጠርገው ሰው የለም። ጎርፉ ካለፋቸው ሁለቱም ቤት ማሽላ የለም።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ ስመላለስ አንድ ጠዋት አራጌ ከነሚስቱ መንገዱ ላይ ጠበቀኝ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሞከረና "እሱ ነው የላከዎት?" አለኝ። ማንም አልላከኝም፣ ለደም ግፊቴ ነው የምሄደው አልኩት። ወደ ሚስቱ ዞሮ "አየሽ? ሽማግሌ ማለት እንዲህ ነው፤ ዘሎ ጉዳዩ ውስጥ አይገባም" አላት። "ታዲያ ምን ይበሉ፣ ይሄን ፊትህን እያዩ!" አለችው። ማልኩ። መማሌ ጭራሽ አባሰው። "አብሽሩ አባቴ፣ ገብቶኛል። እሱ ቀድሞ ሽማግሌ ከላከ እኔ ማን ነኝ እምቢ የምል? ታናሼ ነው" አለ።

ፈጠን ብዬ ስሸሽ ከማዶ ወዳጆ ቆሟል። ከወንድሙ ጋር ስነጋገር አይቶኛል። "ምን አለ?" አለኝ። አሁን ምን ልበል? ልኮኛል ብል ውሸት ነው፤ አልላከኝም ብል ደግሞ የተጀመረውን ማፍረስ ነው። ስለዚህ የሰማኋትን ብቻ፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር ነገርኩት፦ "ታናሼ ነው" አለ።

"በአፉ?" አለኝ።

"በአፉ።"

ፊቱን ወደ ማሽላው አዞረ። ከዚያ አካፋውን አንስቶ መንገዱን ተሻገረ።

ቦዩ ተጠረገ። እኔ ግን መንገዴን አጣሁ። አህያው፣ ግመሉ፣ ገበያተኛው በዚያው ሆነ። አራጌ ቁርስ ሳይቀምሱ አያልፉም ይላል፤ ወዳጆ የእሱን ቀምሰው የእኔን ሊተዉ ነው ወይ ይላል። ከጎብዬ ከተማ አንድ ሰው ከሚስቴ ያስታርቁኝ ብሎ መጣ። ሐኪሙ ግፊቴን ለክቶ "መራመዱን ተዉት እንዴ?" አለኝ።

የመጨረሻውን ወሬ የሰማሁት ትናንት፣ በገበያ ቀን ነው። የዚያው ሰፈር ሰው እንደነገረኝ ጎርፉ መጥቶ ሁለቱም ማሳ ጠጥቷል፤ ግን ዘንድሮም ወደ አንዱ አደላ ተባለና ወንድማማቾቹ ክፉ ቃል ተለዋውጠዋል። አዘንኩ። እውነቴን ነው፣ በጣም አዘንኩ። ከዚያ ቀስ ብዬ መንገዱስ እንዴት ነው አልኩት።

"ማን ያልፍበታል አባቴ፣ ጭር ብሏል" አለኝ።

ቤት ገብቼ ምርኩዜን ስፈልግ ባለቤቴ አየችኝ። "ለነገ ነው? ለእርቅ ነው ለጤና?" አለችኝ።

መንገዱ ያው አንድ ነው አልኳት።