የልቅሶ መርማሪዋ ወይዘሮ ደጊቱ

ሕፃን ሲያለቅስ ሐኪም ይዘገያል፣ ቄስም ይዘገያል፤ አዋቂ ጎረቤት ግን ዘግይቶ አያውቅም። በየሰፈሩ አንድ አለ፣ ከሌለ ሰፈሩ ገና ሰፈር አልሆነም። ለእኛ ለቆሰበር ከተማ ሰዎች የደረሱን፣ በሕፃን ልቅሶ የተመራመሩትና በሆድ ቁርጠት የተራቀቁት ክብርት ወይዘሮ ደጊቱ ነበሩ።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት ነው። እኔ ከደብረ ማርቆስ ወደዚህ አገው ምድር ተዛውሬ የመጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ባለቤቴ ውቢት የዚሁ አገር ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጃችንን ክርስትና ሳይነሣ ቀብረናል። ሁለተኛዋ ሴት ሆነች። በተወለደች በሁለተኛው ሳምንት ማልቀስ ጀመረች፣ አላቆመችም። ጡት ጠብታ ሳትጨርስ ወተቱ በአፍ በአፍንጫዋ ይመለሳል፤ ጀርባዋን እንደ ቀስት ገትራ እስክትጠቁር ትጮኻለች። ስናስተኛት ይብሳል። ክንዷ ላይ ቆዳው መሸብሸብ ጀመረ። እኔና ውቢት ብዙም አንነጋገርም ነበር፤ ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነውና።

ወይዘሮ ደጊቱ የቀርከሃውን አጥር ገፋ አድርገው ይገቡና ሳይቀመጡ ይፈርዳሉ። «ምነው፣ እኔ እያለሁ!» ይላሉ። ሰኞ ብርድ ነበር፣ ማክሰኞ የሰው ዓይን። ረቡዕ የውቢት ወተት ወፍሯል ተባለ፣ ሐሙስ ቀጥኗል።

«ትናንት ወፍሯል አላሉም እንዴ እትዬ?» ብላቸው፣

«ትናንት ሌላ፣ ዛሬ ሌላ! አስተማሪ ሁነህ ይኸ ይጠፋሃል?»

ዋናው መድኃኒታቸው ለጋ ቅቤ ነበር። አራስ ልጅ ቅቤ መላሱ የታወቀ ነው፤ እርሳቸው ግን ጠዋትና ማታ በጣታቸው ጉሮሮዋ ድረስ ይሰዱታል። «አንጀቷን ያለሰልሰዋል» ይላሉ። አንጀቷን እንጃ፣ የእኔን ሸሚዝ ግን አለስልሶታል። ተማሪዎቼ ክፍል በገባሁ ቁጥር አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ይህ ነው፦ «አራስ ልጅ ቀና አይደረግም፣ አንገቱ ይቀጫል!» ስለዚህ ያቺ ልጅ ጠቅልለን ካጋደምናት ቀን ጀምሮ ጣሪያውን እያየች ስትጮኽ ኖረች።

በአምስተኛው ሳምንት ድምፅዋ ሰለለ። ፍርዱም ተለወጠ። «እንጥሏ ወርዷል። መቆረጥ አለበት።»

እንጥል ቆራጩ አየነው በገበያ ቀን ከጥሊሊ በፈረስ መጣ። ከከረጢቱ የፈረስ ጭራ ሸምቀቆና ትንሽ ቢላዋ አወጣ። እኔ፣ ስለ ንጽሕና የማስተምረው ሰውዬ፣ ቢላዋው ታጥቦ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም። አልደብቅም፣ እንዲቆርጣት ፈልጌ ነበር። ልቅሶው ይቁም እንጂ እንዴት እንደሚቆም ማሰብ ትቻለሁ።

ልጅቱን የሚይዙት ወይዘሮ ደጊቱ ነበሩ። አየነው አፏን እንዲከፍቱለት ሲጠብቅ፣ ደረታቸው ላይ ቀና አድርገው አቀፏትና ወደ ግድግዳው ዞሩ። በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ውቢት ማልቀስ ጀመረች። አየነው ሁለት ጊዜ ለመናቸው፣ ዞር ብለውም አላዩት። ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

«ምን አሉ?» አልኋት።

«‹ደርበውንም የያዝሁት እኔ ነበርሁ› አሉ። ልጃቸው ነው። ሲቆረጥ ደሙ አልቆም ብሎ…»

ልጅቱ ዝም ማለቷን ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው። ወይዘሮ ደጊቱ የሚነጥቃቸው ያለ ይመስል እንደ ቆሙ ቀሩ፤ እርሷም ትከሻቸው ላይ ቀና እንዳለች አንድ ሰዓት ሙሉ ተኛች። ስናጋድማት ጮኸች፣ ቀና ስናደርጋት ተወች። ከዚያ ቀን ወዲያ ቅቤው ቀረ፤ ውቢት ጥቂት ጥቂት እያጠባች፣ ሦስታችን በየተራ ቀና አድርገን ያዝናት። ኋላ ዳንግላ ክሊኒክ ያገኘሁት ድሬሰር፣ የጨጓራዋ አፍ ገና ስላልጠና ወተቱ ወደ ላይ ይመለስ ይሆናል አለኝ። «ይሆናል» ነው ያለው። ወይዘሮ ደጊቱ ይህን ቃል አያውቁትም። ልቅሶው ጨርሶ አልቆመም፣ ተጋመሰ እንጂ። ለእኛ እሱም ብዙ ነበር።

ሰማንያ ቀን ሲቃረብ የክርስትና እናት እንዲሆኑልን ለመንናቸው። ያን ዕለት መፍረዱን ትተው ጠየቁ።

«እኔ? የእኔ እጅ ለልጅ ይሆናል ብላችሁ ነው?»

ውቢት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

በጥምቀቱ ዕለት ቄሱ ልጅቱን ተቀብለው ሲያጋድሟት፣ የክርስትና እናቷ ድምፅ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው፦ «ኧረ አባ! ቀና ያድርጓት እንጂ! እንዲያ አይያዝም!» ዲያቆኑ ዜማው ጠፋበት። ቄሱ ሊቆጡ ቀና ቢሉ፣ ወይዘሮ ደጊቱ ብትወድቅ ሊቀልቧት ሁለት እጃቸውን ከልጅቱ ሥር ዘርግተዋል። ቄሱ እርሳቸውን አዩ፣ ልጅቱን አዩ፣ ቀና አደረጓት። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ እግዚአብሔር ይህችን ሴት ዝም እንዳያሰኝብን ጸለይሁ።