«ተስተካክሏል» ባዩ

ሁሉን ነገር «ተስተካክሏል» የሚል ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እኛ ጉብሬ አጠገብ ያለን ሰዎች ገጥሞናል። መንገድ ሠሪዎቹ ካምፓቸውን ሲያፈርሱ፣ በጎረቤቴ በእትዬ ዘነበች ጓሮ ሥር ለዓመታት ወደ ካምፑ ናፍጣ ሲያስተላልፍ የኖረውን አሮጌ ቱቦ ሊያስነቅል የመጣ ኢንጂነር ነው።

ቱቦው ወጣ። ቀይ አፈር ተደፋበት፣ ችግኝ ተተከለ፣ ፎቶም ተነሡ። ኢንጂነሩ እጁን አራግፎ፣ «ተስተካክሏል እማማ! መሬቱ ወደ ነበረበት ተመልሷል» አላቸው። መሬት እንዲህ ቶሎ የሚመለስ ከሆነ፣ አዲስ አበባ የገቡ ልጆቻችንን ምን ያዘገያቸዋል?

እትዬ አመኑት። እንሰታቸውን ፍቀው፣ በኮባ ጠቅልለው፣ ቆጮ እንዲሆን እንደ ወትሮው እዚያው ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። ለመስቀል ሲከፍቱት ቆጮው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ከዚያ በኋላ ምን ያድርጉ? የጉራጌ እናት ለመስቀል ቆጮ ከገበያ ስትገዛ አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። እትዬ ሰው እንዳያውቃቸው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ነበር። ዘመድ የሞተባቸው እንጂ ገበያ የወጡ አይመስሉም።

ልጆቻቸው ለበዓሉ መጡ። ክትፎው ቀረበ፤ እኔም ተጠርቼ ነበር። የበኩር ልጃቸው ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ።

«እማዬ ሙች፣ የጓሯችን ቆጮ እኮ ሌላ ነው! አዲስ አበባ ከየት ይገኛል?» አለ። ቀጥሎም፣ «ቱቦውን አወጡት አሉ፤ መሬቱ እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቃቸው።

እትዬ ወደ እኔ አላዩም። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉለት።

«ተስተካክሏል ልጄ። ብላ።»