አልጋዬን የቀማችኝ ኒም

በዛፍ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? አትሳቁ፣ እኔ ቀንቻለሁ።

ዛፏ ግቢያችን ያለችው ኒም ናት። የኮቦን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው የኒምን ጥላ ያውቃል። እኛ ግን ጥላዋን እንጂ እሷን አይተናት አናውቅም። ፍየላችን ትታከክባታለች፣ እናቴ ልብስ ታሰጣባታለች። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አይደል?

ወርቅነቷን ያወጀችው ታላቅ እህቴ ሰአዳ ናት። ደሴ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ስትደውል መጀመሪያ፣ «ኒሟ ደህና ናት? ፍየሏ አልነካቻትም?» ትላለች። ካርዷ ሊያልቅ ሲል ነው፣ «አንቺስ?» የምትለኝ። እኔ ስምንተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። «እታለም፣ ይዘሽኝ ሂጂና እዚያ ልማር» ብላት፣ «የተከራየሁት ክፍል ጠባብ ነው፤ ሥራዬም ፋታ አይሰጠኝም» አለችኝ። እሺ።

ከዚያ መጣችና የኒሟን ቅጠል በጆንያ ሸመጠጠች። ለካ ጠባቡ ክፍል ለጆንያ ሰፊ ነው!

ምን ልታደርጊው ነው ብለን ከበብናት። ቅጠሉን ትቀቅልና ውሃውን አጥልላ፣ የጌጡ ብር ከሟሟበት ፈሳሽ ጋር ትቀላቅለዋለች። ፈሳሹ ቀስ እያለ ቡናማ ይሆናል። ያኔ ብሩ ዓይን የማያየው ቅንጣት ሆኗል ማለት ነው፤ ናኖ ይሉታል። ባክቴሪያ በሚያድግበት ሳህን ላይ ጠብ ሲያደርጉት፣ ባክቴሪያው በአጠገቡ ድርሽ አይልም። መርዛም ኬሚካል የሚሠራውን ቅጠል ይሠራዋል አለች።

«ማሻአላህ! ይኸ ሁሉ ከፍየሏ ማከኪያ?» አለች እናቴ።

ሰአዳ ቅጠሉን አጥባ ግማሹን ሰሌን ላይ፣ ግማሹን አልጋዬ ላይ ዘረጋችው። አዎ፣ አልጋዬ ላይ። እኔ መሬት ወረድኩ። «እንዳትነኩት» ብላ አክስታችንን ልትጠይቅ ዋጃ ሄደች።

እናቴ ግን የራያ ሴት ናት፤ ያልተሰጣ እህል ስታይ እጇ ይበላታል። «ይኸ ቅጠል ጥላ ውስጥ ሊሻግት ነው፤ ልጄ ከምታፍር እንደ ማሽላው ፀሐይ ይምታው» አለች። የሰሌኑን ራሷ አውጥታ አሰጣችው። «ያልጋውን አንቺ አውጪው» ብላኝ ገበያ ወጣች።

እሺ አልኩ። ግን አልተነሳሁም። አልጋዬን ቀማኝ፣ እህቴን ቀማኝ፣ ደግሞ ተሸክሜ ፀሐይ ላሙቀው? ሎሌው ነኝ? ከፈለገ ይሻግት! ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ሰአዳ ስትመለስ ግቢ የተሰጣውን አይታ ጮኸች። ቢጫ ሆኖ ተኮማትሯል። ለካ ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ካልደረቀ ኃይሉን ፀሐይ ይወስደዋል። ልታለቅስ እየቃጣት ወደ ቤት ሮጠች። ያልጋዬ ቅጠል አረንጓዴ እንደሆነ ተኝቷል።

«ማን ነው ይኼን ያተረፈልኝ?»

«እሷ ናት» አለች ከገበያ የተመለሰችው እናቴ አፍራ፣ «አውጪ ብያት ሳታወጣው ቀረች።»

ሰአዳ አቀፈችኝ። ማን ነገረሽ ብትለኝ አቀርቅሬ ጣቴን ቆጠርኩ። ስለማፍር ሁሌም አቀረቅራለሁ፤ እነሱ ትሕትና አሉት። «እንዲህ ያለ ሰው ነው ለሥራዬ የሚያስፈልገኝ። ትሄጃለሽ!» አለችኝ።

በማግስቱ መናኸሪያ ሄድን። ጆንያውን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ይመታዋል ብላ ሰአዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ታቀፍኩት፣ ምን ላድርግ። እናቴ በመስኮቱ ስር ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ያ አላህ፣ ልጆቼን ከነቅጠላቸው ከምቀኛ ጠብቃቸው!»

ሰአዳ አሚን አለች። ሾፌሩ ሳይቀር አሚን አለ።

እኔ አሚን ሳልል ጆንያውን አጥብቄ ያዝኩ። ምቀኛ ባይኖር እኮ ቅጠሉም እኔም ኮቦ ቀርተን ነበር።