ጭሱ ይውጣ፣ ዓይን ግን አይግባ

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን አስቀድሜ ልጻፍ። ባለቤቴ ማድ ቤታችን ላይ መስኮት ላውጣ ሲል፣ ሊጤን ዓይን ያይብኛል ብዬ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጃችን በሳል ከሞተችብን በኋላ ሁለታችንም ስለ መስኮት አንሥተን አናውቅም። ቃለ ጉባኤው ከዚህ ይቀጥላል።

ሚያዝያ 9 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ቢቸና፣ የቀበሌው አዳራሽ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት።

የተገኙ፦
ጓድ ባንቺዓለም፣ ሰብሳቢ
እሜቴ ወለተ ሐና፣ አባል
ወ/ሮ ዘኪያ፣ አባል
ወ/ሮ አገሬ፣ አባል፣ የእሜቴ ወለተ ሐና ምራት፤ የምታስለውን ሕፃን ሰብለ ወንጌልን አዝላ
ጥሩአየሁ፣ ጸሐፊ፣ ሌላ የሚጽፍ ስለጠፋ

ከሰባት አምስት ስለተገኘን ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የማድ ቤት ጭስን ስለ መቀነስ

ሰብሳቢዋ ማድ ቤት ሁሉ መስኮት ይኑረው የሚል መመሪያ ከበላይ መምጣቱን ገለጹ። ወ/ሮ አገሬ ግድግዳው ዛሬውኑ እንዲበሳላት ጠየቀች። እሜቴ ወለተ ሐና ቤቱ የእርሳቸው መሆኑን፣ መንገደኛ ያየው ሊጥም ኩፍ እንደማይል አስገነዘቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ መስኮት ተከፍቶ መጋረጃ እንዲደረግበት ተወሰነ። ወ/ሮ ዘኪያ ጭሱ ታዲያ በየት ሊወጣ ነው አሉ። መጋረጃው እንዲገለጥና መንገደኛ የሚመልስ አብዮት ጠባቂ በየደጁ እንዲቆም ተወሰነ። እሜቴ ወለተ ሐና የጠባቂውስ ዓይን ዓይን አይደለም ወይ አሉ። ጀርባውን ሰጥቶ እንዲቆም ተሻሽሎ ጸደቀ። ጠባቂዎቹ ምሳ የት ይበላሉ የሚለው የወ/ሮ ዘኪያ ጥያቄ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

አጀንዳ 2፦ መስተንግዶ

በአዳራሹ ጥግ ንፍሮ በእርጥብ ባሕር ዛፍ ተጥዶ ነበር። ጭሱ ሲበረታ ሰብሳቢዋ መስኮት ይከፈት አሉ። ሆኖም ደጅ ልጆች ቆመው ስለነበር ንፍሮው እንዳይታይ መስኮቱ እንደተዘጋ እንዲቆይ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ወዲያው ሁሉም እያሳሉ ወደ ደጅ ወጡ። ወ/ሮ አገሬ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ፣

«እማማ፣ እርስዎስ ከጭሱ ወጡ። እሷ በየት ትውጣ?» አለች።

እሜቴ ወለተ ሐና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ከጭሱ ነው ተብሎ እንዲመዘገብም አሳሰቡ። ተመዝግቧል።

አጀንዳ 3፦ ማጠቃለያ

ሰብሳቢዋ ደጅ ላይ ምንም ጭስ አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ፣ ችግሩ አጣዳፊ ስላልሆነ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ሐሳብ አቀረቡ። ከአገሬና ከጸሐፊዋ በቀር በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። ስብሰባው በ11 ሰዓት ተበተነ።

ስንበተን እሜቴ ወለተ ሐና ወደ ጎን ጠሩኝ።

«ጥሩአየሁ፣ ዶማ አለሽ?»

«አለኝ፣ እሜቴ።»

«አምጪልኝ። በመንገዱ በኩል አይደለም፣ በጓሮ በኩል ነው የምናስበሳው። ይሄን እንዳትጽፊ።»

ጽፌዋለሁ። ፊደል ስትለይ ይህ ለሰብለ ወንጌል ይሰጥ።