ስጋ ሻጩን አምቼ መዥገር የተገኘብኝ ቀን

ዛሬ አራት ተለማማጅ ሐኪሞች ተሰልፈው የጉልበቴን ጀርባ አዩ። ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

ለማታውቁኝ፦ ሱሉልታ ተከራይቼ፣ ፒያሳ ቢሮ እየተመላለስኩ የምኖር፣ ቁርጥ ከነፍሴ የምወድ ሴት ነኝ። ሴት ልጅ ቁርጥ ፊት ስትቀርብ ታፍራለች ይባላል። እኔ አላፍርም። ቢላውን ራሴ ነኝ የምይዘው።

ችግሩ ሆዴ ነው።

ዓመት ሙሉ! ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ያስሮጠኛል። ስንቴ ከስብሰባ መሃል «ስልክ ነው» ብዬ እንደወጣሁ አለቃዬ ያውቃል። የሚደውልልኝ ሰው እንደሌለም ያውቃል።

ጨጓራ ነው ተባልኩ፤ መድኃኒቱን ዋጥኩ። አሜባ ነው ተባልኩ፤ ያንንም ዋጥኩ። ተልባ ጠጣሁ።

ምንም።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። በጾም ደህና ነኝ። ረቡዕና ዓርብ ደህና ነኝ። ጾሙ ተፈትቶ ስጋ ከበላሁ ግን፣ በአራት በአምስት ሰዓቱ አለቀልኝ።

አከራዬ እትዬ አስካለ ነገሩን አሰቡበትና፣ እግዚአብሔር ለምንኩስና እየጠራኝ ሊሆን እንደሚችል በእርጋታ ነገሩኝ።

እኔ ደግሞ የራሴ ድምዳሜ ነበረኝ። የኦቦ ገመቹ ስጋ ነው!

ኦቦ ገመቹ ሰፈራችን ስጋ ቤት ያላቸው፣ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው። የምገዛው ከእሳቸው ብቻ ስለነበር ሌላ ተጠርጣሪ አልነበረኝም። ከሦስት ሳምንት በፊት በአንድ እጄ ሆዴን፣ በሌላው ስልኬን ይዤ ለሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ቮይስ ላክሁ። የሰውየው ስጋ እንደመረዘኝ፣ በተለይ ልጆች ያላችሁ እንድትጠነቀቁ አልኩ። «ልጆች ያላችሁ» የምትለዋ ለማሳመሪያ ነበረች። ልጅ የለኝም።

ሠራ።

በሳምንቱ ስጋ ቤቱ ጭር አለ። ቅዳሜ እንኳ! ኦቦ ገመቹ ነጭ ጋወናቸውን ለብሰው በራቸው ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ። እኔ በማዶ በኩል አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ከዚያ በኋላ ከሌላ ስጋ ቤት ገዛሁ። አመመኝ። ይህን ለግሩፑ አልተናገርኩም።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ሥራ አስፈቅጄ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተሯ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ስለ ስጋውና ስለ ሰዓቱ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣

«መዥገር ነክሶሽ ያውቃል?» አለችኝ።

ከብት አለመሆኔን በትህትና አስረዳኋት።

አልተቀየመችም። የት እንደምኖር፣ ሣር ላይ እቀመጥ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ሣር!

እናንተ ታውቃላችሁ! ጠዋት ጠዋት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከሯጮቹ ኋላ እያለከለኩ የምለጥፋቸው ቪዲዮዎች። በቁምጣ ሣሩ ላይ ተንጋልዬ ስትሬች እየሠራሁ «ከተፈጥሮ ጋር አንድ መሆን» ብዬ የጻፍኩባቸው። ላሞቹ ከኋላዬ ይግጣሉ። ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ ተባባሪዎች ናችሁ።

ቁንጫ ነው እያልኩ ያከክኩት ሁሉ ትዝ አለኝ።

ዶክተሯ ሱሪዬን እንድሰበስብ ነገረችኝና እግሬን አገላብጣ አየች። ከዚያ በሩን ከፍታ ተለማማጆቹን ጠራች።

ነበረ።

ጉልበቴ ጀርባ ላይ ተጣብቆ፣ በሕይወት ያለ፣ በጥጋብ ሽምብራ ያከለ መዥገር።

አራቱም ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ አዩት። አንደኛው በጣም መልከ መልካም ነበር። ትንሽ ዞር እንድል ለመነኝ። ለመዥገሩ ብርሃን እንዲደርሰው።

ዶክተሯ በወረንጦ ቀስ ብላ ነቀለችው። መዥገር ኢንፌክሽንም ስለሚያስተላልፍ ደሜ ይመርመር አለች። ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። አንዳንድ ሰው መዥገር ከነከሰው በኋላ ሰውነቱ የበሬና የበግ ስጋን እንደ ጠላት መቁጠር ይጀምራል። ሆዱ ለወራት ይታመማል፣ ሁሉም ጨጓራ ነው ይለዋል። እስኪጣራ ድረስ ቀይ ስጋ እንዳልቀምስ ከለከለችኝ።

ስጋው ተበላሽቶ ሊሆን አይችልም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። በተስፋ!

«ከሌላም ቦታ ገዝተሽ ካመመሽ፣ ጥፋቱ የሰውየው አይመስለኝም» አለች።

በሚኒባስ እንጦጦን ስወጣ የማስበው ስለ ሆዴ አልነበረም።

ኦቦ ገመቹ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቮይሱን የላክሁት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ያውቁ ኖሯል። የመዥገሩንም ነገርኳቸው።

«ስልሚ?» አሉ በኦሮምኛ። መዥገር ማለታቸው ነው።

«አዎ፣ ኦቦ።»

የእሳቸውም ከብቶች የሚግጡት እዚያው ሜዳ ላይ እንደሆነ ነገሩኝ። ሣሩ ላይ ተጋድሜ ሁለት ጊዜ አይተውኛል። መዥገር እንዳለበት ሊነግሩኝ አስበው፣ የከተማ ሰው ስፖርት ይሆናል፣ በሰው ፊት ላሳፍራት አይገባም ብለው ተዉት።

ላሳፍራት አይገባም!

እኔ እሳቸውን በሰፈሩ ሁሉ ፊት ያዋረድኩት ሴትዮ።

እንባዬ መጣ። እሳቸው ተጨንቀው በርጩማ አቀረቡልኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ።

«እኔ ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ሰው ግን የሰማው ያንን ነው። ይህንንም ይስማ።»

እዚያው ፊታቸው ቮይስ ቀዳሁ። ሁሉንም። መዥገሩን፣ የጉልበቴን ጀርባ፣ ከሌላ ስጋ ቤት ገዝቼ መታመሜን፣ መደበቄንም። ግሩፑ በሳቅ ኢሞጂ ተጥለቀለቀ። እትዬ አስካለ ምንኩስናው ቀርቶ እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ አንዱ ጎረቤት ሁለት ኪሎ ይቀመጥልኝ ብሎ ጻፈ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ኦቦ ገመቹ ተነሱና ቢላቸውን መሳል ጀመሩ።

እኔ በርጩማው ላይ እንዳለሁ ቀረሁ። በመላው ሱሉልታ ስለዚህ ስጋ ንጽሕና በገዛ ድምጿ የመሰከረች አንዲት ሴት ብትኖር እኔ ነኝ። መቅመስ የማልችለውም እኔው።

እስቲ እናንተ የምታውቁ ንገሩኝ፦ ሽሮ በስንት ዓይነት ይሠራል?